ካፒቴን ጌኦርግ ፎን ትራፕ፤ የባሕር ሰርጓጅ አዛዥና የዐሥር ልጆች አባት

ከእኛ መካከል የካፒቴን ፎን ትራፕን ስም ያልሰማ ተማሪ ጥቂት ቢሆን ነው። የሰማነው ግን ሁላችንም ማለት ይቻላል ከአንድ ምንጭ፣ በ1965 ከወጣው የአሜሪካ የሙዚቃ ፊልም ነው። በዚያ ፊልም ካፒቴኑ ልጆቹን እንደ ወታደር አሰልፎ በፊሽካ የሚጠራ፣ ሳቅንና ዜማን ከቤቱ ያባረረ፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ሆኖ ይታያል፤ ይህም አንዲት ወጣት አስተማሪ መጥታ በዘፈን እስክታለዝበው ድረስ ነው። ፊልሙ ያማረ መሆኑን አንክድም፤ እኛም አይተን ተደስተንበታል። ነገር ግን ሰውየው በእውነት ኖሮ የሞተ ሰው ነው። ልጆቹም ስለ አባታቸው የተሳለው ሥዕል እውነተኛውን አባታቸውን እንደማይመስል፣ በዚህም እንዳዘኑ በየጊዜው ተናግረዋል። ከዚህም በላይ ፊልሙ የሕይወቱን ግማሽ፣ ይኸውም ከባሕር በታች ያሳለፈውን ዘመን፣ በአንድ የማዕርግ ስም ብቻ አልፎታል። እኛም በእነዚህ ገጾች የተተወውን ግማሽ ከታወቀው ግማሽ ጋር አጋጥመን ለአንባብያን ለማቅረብ ወደናል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ጌኦርግ ፎን ትራፕ ሚያዝያ 4 ቀን 1880 በዛራ ከተማ ተወለደ። ይህች ከተማ ዛሬ ዛዳር ተብላ በክሮኤሽያ ውስጥ የምትገኝ ናት፤ ያን ጊዜ ግን የአውስትሪያና የሀንጋሪ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ግዛት ነበረች። ዛሬ የአውስትሪያን ካርታ ለሚመለከት ሰው ይህ አገር የባሕር ኀይል ነበረው ቢሉት የሚያስቅ ይመስለዋል። ሆኖም በዚያ ዘመን መንግሥቱ ከትሪየስቴ ጀምሮ እስከ ካታሮ ድረስ ረጅም የአድርያቲክ ጠረፍ ነበረው። መርከበኞቹም ጀርመንኛ፣ ክሮኤሽኛ፣ ኢጣልያንኛ፣ ሀንጋርኛና ሌላም የሚናገሩ ከልዩ ልዩ ሕዝብ የተውጣጡ ነበሩ።

አባቱ አውጉስት ትራፕ ራሱ የባሕር ኀይል መኮንን ነበረ። በ1876 የመሳፍንት ማዕርግ ተሰጥቶት «ፎን» የሚለው ቃል በስሙ ላይ ተጨመረ። ጌኦርግ ገና አራት ዓመት ሲሆነው በ1884 አባቱ በታይፎይድ በሽታ ሞተ። እናቲቱ ሦስት ልጆች ይዛ ቀረች። ልጁም በ14 ዓመቱ በ1894 ፊውሜ በሚገኘው የባሕር ኀይል አካዴሚ ገባ። አባቱን በቅጡ ሳያውቅ የአባቱን ሥራ ወረሰ ማለት ነው።

ትምህርቱን በ1898 ከጨረሰ በኋላ በመርከብ ላይ የመለማመጃ ጉዞ አደረገ፤ እስከ አውስትራልያም ደረሰ። በዚህ የወጣትነት ጉዞው ቅድስት አገርን ተሳልሞ ከዮርዳኖስ ወንዝ ሰባት ጠርሙስ ውሃ ገዝቶ እንደ ተመለሰ በቤተ ሰቡ ዘንድ ይነገራል። ያን ጊዜ ሚስትም እጮኛም አልነበረችውም። ኋላ ከመጀመሪያ ሚስቱ የወለዳቸው ልጆች ሰባት ሆኑ፤ ክርስትና የተነሡትም በዚያ ውሃ ነው ይባላል። በ1900 ቦክሰር የተባሉት አመፀኞች በቻይና በተነሡ ጊዜ ዜንታ በተባለችው ክሩዘር ላይ ሆኖ ዘመተ፤ ስለ ጀግንነቱም ኒሻን ተሸለመ። ሃያ ዓመት ለሞላው መኮንን መልካም ጅምር ነበር።

በ1908 ግን የዕድሉን አቅጣጫ የወሰነው ነገር ሆነ፤ አዲስ ወደ ተቋቋመው የባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ክፍል ተዛወረ። በዚያ ዘመን ወደዚህ ክፍል መግባት ዛሬ እንደሚመስለን የክብር ነገር አልነበረም። የትልልቆቹ መርከቦች መኮንኖች በሰፊ መደብ ላይ በነጭ ልብስ ሲንሸራሸሩ፣ የሰርጓጅ ሰዎች በዘይትና በጭስ ጠቊረው ከአንዲት የብረት በርሜል ውስጥ ይወጡ ነበር። መርከቦቹ ርዝመታቸው 32 ሜትር ያህል ነው፤ ሃያ የማይሞሉ ሰዎች በውስጣቸው ይታጨቃሉ። ከውሃ በላይ ሲሄዱ የሚነዱት በቤንዚን ሞተር ነበር፤ ከውሃ በታች ግን አየር ስለሌለ ሞተሩ ጠፍቶ በባትሪ ኀይል ይሄዳሉ። ክፉው ነገር የቤንዚኑ ጋዝ ነው። ጋዙ በተዘጋው ሆድ ውስጥ ሲጠራቀም ሰዎቹን እንደ መጠጥ ያዞራቸዋል፣ ራሳቸውንም ያስታቸዋል። በዚህ ላይ አንዲት የእሳት ብልጭታ ብትነሣ ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም። ጌኦርግ ፎን ትራፕ ይህን ሥራ በፈቃዱ ወደደው።

የሚተኰሰው መሣሪያ ቶርፔዶ ነው። ይህንንም የፈለሰፈው ሮበርት ዋይትሄድ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ ፋብሪካውን ያቋቋመው በዚያው በፊውሜ ነበር። በ1909 ቊጥር 6 የተባለችው ሰርጓጅ ወደ ባሕር ስትወርድ በሥነ ሥርዓቱ ላይ የመረቀቻት የዚህ ሰው የልጅ ልጅ አጋቴ ዋይትሄድ ናት። በ1910 የዚህችው መርከብ አዛዥ ሆኖ የተሾመው ደግሞ ፎን ትራፕ ነው። መርከቢቱን ከመረቀችው ልጃገረድ ጋር በ1911 ተጋቡ። ልብ ወለድ ደራሲ እንዲህ ያለ ነገር ቢጽፍ አበዛው እንለው ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ የመጀመሪያ ልጃቸው ሩፐርት ተወለደ፤ ከዚያም አጋቴና ማርያ በሦስት ዓመት ውስጥ ተከተሉ። ቤቱ ሀብታም ነው፤ ባልና ሚስቱም የሚዋደዱ ናቸው። እርሱ ቫዮሊን ይጫወታል፣ እርሷ ፒያኖ ትመታለች። እንግዲህ ሙዚቃ ወደ ትራፕ ቤት የገባው ከአስተማሪዪቱ ጋር አይደለም፤ ከእርሷ አስቀድሞ ነበረ።

በ1914 ጦርነት ተነሣ። ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ከጠረፉ ርቃ ሴል አም ሴ በተባለው ሐይቅ ዳር ከእናቷ ዘንድ ተቀመጠች። እርሱም ሚያዝያ 1915 የቊጥር 5 ሰርጓጅ አዛዥ ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ሌሊት ደርሰናል፤ በዚህም ላይ ጥቂት መቈየት አለብን። የፈረንሳይ ባሕር ኀይል በኢጣልያና በአልባንያ መካከል ያለውን የኦትራንቶ ሰርጥ ዘግቶ የአውስትሪያን መርከቦች አላስወጣ ብሎ ነበር። በጥበቃው ላይ ከተሰማሩት አንዷ ሌዮን ጋምቤታ የተባለችው ክሩዘር ናት፤ ክብደቷ ወደ 12 ሺህ ቶን ይደርሳል። ሚያዝያ 27 ቀን 1915 ገና ሳይነጋ፣ ጨረቃ ወጥታ ባሕሩ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ይህች መርከብ ከሳንታ ማርያ ዲ ሌውካ በስተ ደቡብ በዝግታ ትጓዝ ነበር። ፎን ትራፕ በጨረቃው ብርሃን አያት። ያን ጊዜ በሌሊት ከውሃ በታች ሆኖ ማጥቃት የተለመደ ነገር አልነበረም፤ ምክንያቱም በፔሪስኮፑ መስተዋት የሚታይ ነገር የለምና። እርሱ ግን ሰጠመና የጨረቃውን ብርሃን ብቻ ተማምኖ ተጠጋ። ሁለት ቶርፔዶ ተኰሰ፤ ሁለቱም መቱ። ያች ታላቅ መርከብ በደቂቃዎች ውስጥ ተገልብጣ ገባች። ከ821 ሰዎች 684ቱ አለቁ፤ የጦሩ አዛዥ አድሚራል ሴኔስም ከሞቱት ጋር ነበረ። የተረፉት 137 ብቻ ናቸው፤ እነርሱንም ያዳኗቸው ከኢጣልያ ጠረፍ የወጡ ሰዎች ናቸው። ኢጣልያ ከዚያች ሌሊት አንድ ቀን አስቀድማ በለንደን ከነፈረንሳይ ጋር በምስጢር ተፈራርማ ነበር፤ በወሩም ገደማ በአውስትሪያ ላይ ጦርነት ዐወጀች።

በጦር ሥራ ረገድ ታላቅ ድል ነው። ፈረንሳዮች ትልልቅ መርከቦቻቸውን ከሰርጡ ወደ ደቡብ አራቁ፤ ከ300 ቶን የማትበልጥ አንዲት ትንሽ መርከብ የአንድ ታላቅ መንግሥትን የባሕር ዕቅድ አስለወጠች። በአውስትሪያ የፎን ትራፕ ስም በየጋዜጣው ወጣ፤ ፎቶግራፉም እንደ ተረት ጀግና ተሸጠ። እኛ ግን ስለ 684ቱ ሰዎች ዝም ብለን ማለፍ አንችልም፤ እርሱም አላለፈውም። በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ያንን ሌሊት ሲያወሳ፣ መርከቢቱ ከተገለበጠች በኋላ የነፍስ ማዳኛ ጀልባዎችን እንደ ቈጠረና አምስት ብቻ እንዳገኘ፣ በውሃ ላይ የቀሩትን ለማንሣት የሚያስችል ቦታም ጕልበትም በመርከቡ ላይ እንዳልነበረ ይገልጣል። ይህ እውነት ነው፤ አንድ ሰው እንኳ የሚጨመርበት ስፍራ በቊጥር 5 ውስጥ አልነበረም። የቀረው ዘመኑን ሁሉ ግን እንደ አደን የሚወደድ ሥራ አድርጎ አልተረከውም። የሰርጓጅን ጦርነት ሰው ከፊት ለፊት የማይገጣጠምበት አሳዛኝ ሥራ አድርጎ እንደ ቈጠረው ከጽሑፉ እንረዳለን። ነገር ግን ይህን እያሰበ ሥራውን አላቆመም፤ ሁለቱም በአንድ ሰው ውስጥ ነበሩ።

ነሐሴ 5 ቀን 1915 ኔሬይዴ የተባለችውን የኢጣልያ ሰርጓጅ በፔላጎዛ ደሴት አጠገብ መትቶ አሰጠማት፤ ከነሰዎቿ ጠፋች። እነዚህ ሰዎች እንደ እርሱ ያሉ፣ እንደ እርሱ በብረት በርሜል ውስጥ የሚኖሩ ባልደረቦች ነበሩ። በዚያው ዓመት የገዛ ወንድሙ ቬርነር በጦር ሜዳ ተገደለ፤ በዓመቱ መጨረሻ የተወለደውንም ልጁን በወንድሙ ስም ቬርነር አለው።

ከጥቅምት 1915 በኋላ ያዘዘው ቊጥር 14ን ነው። ይህች መርከብ ታሪኳ የሚያስደንቅ ነው። ትውልዷ ፈረንሳዊ፣ ስሟም ኩሪ ነበረ። ታኅሣሥ 1914 በፖላ ወደብ ሠርጋ ለመግባት ስትሞክር በመረብ ተይዛ ሰጠመች። አውስትሪያውያን ከውሃ አውጥተው ጠግነው የራሳቸው አደረጓት። ፎን ትራፕም በጠላቶቹ እጅ በተሠራች መርከብ ጠላቶቹን ያድን ጀመር። በ1917 ነሐሴ ሚላሶ የተባለችውን ከ11 ሺህ ቶን በላይ የሆነች የኢጣልያ የጭነት መርከብ አሰጠመ። በጦርነቱ ጊዜ በጠቅላላው 19 ጊዜ ዘምቶ ከዐሥር በላይ የጭነት መርከቦችን መትቷል። ከአውስትሪያ የሰርጓጅ አዛዦች መካከል ስሙ በግንባር ቀደምነት የሚጠራውም ስለዚህ ነው። በ1918 በካታሮ የሚገኘውን የሰርጓጆች ሰፈር እንዲያዝ ተሾመ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጠፋ። ጥቅምት 31 ቀን 1918 ንጉሠ ነገሥት ካርል የጦር መርከቦቹን ለደቡብ ስላቮች ምክር ቤት አስረከቡ። ሰንደቅ ዓላማው ወረደ። ፎን ትራፕ 38 ዓመቱ ነበረ፤ ከ14 ዓመቱ ጀምሮ የተማረው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ያም ሥራ አገሩ ከእንግዲህ የሌላት ሥራ ሆነ። አውስትሪያ ትንሽ ሪፐብሊክ ሆና ከባሕር ተቈርጣ ቀረች። የተወለደባት ዛራም ለኢጣልያ ስለ ተሰጠች እርሱ በሕግ የኢጣልያ ዜጋ ተባለ፤ ይኸውም ትናንት መርከቦቿን ሲያሰጥም የነበረች አገር ናት። ምጽዋ ላይ ተምረው ከ1993 በኋላ ያለ ባሕር የቀሩትን፣ በ1996ም ባሕር ኀይላቸው ሲፈርስ ያዩትን የእኛን አገር መርከበኞች ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ነገር ምን ማለት እንደ ሆነ ብዙ ማብራራት አያስፈልገውም።

በ1924 ማርያ ቴሬዛ የተባለውን ከፍተኛ ኒሻን ተቀበለ። ይህ ኒሻን የሚሰጠው መኮንኑ ከበላይ ሳይታዘዝ፣ ባያደርገውም ሳይነቀፍ ይቀር የነበረውን ሥራ በራሱ አሳብ አድርጎ ሲገኝ ነው። ነገር ግን ኒሻኑን የሰጠው ንጉሥ የሌለው፣ መንግሥቱም የፈረሰ ነበረ። ሰዎች ባሮን ሲሉት የምንሰማውም ከዚህ ኒሻን ጋር የተያያዘ ነው፤ ሪፐብሊኩ ግን በ1919 የመሳፍንትን ማዕርግ ሁሉ ሽሮ ስለ ነበረ ማዕርጉ በአፍ እንጂ በሕግ የጸና አልነበረም።

ከሁሉ የከበደው ሐዘን በዚህ መካከል መጣ። በ1922 ስካርሌት ፊቨር የተባለው ተላላፊ ትኩሳት በቤቱ ገባ። አጋቴ ልጆቿን ስታስታምም ራሷ ታማ መስከረም 3 ቀን ሞተች። የመጨረሻዪቱ ልጅ ማርቲና ገና በሁለተኛ ዓመቷ ላይ ነበረች። ባልዬው ለሰባት ልጆች ብቻውን ቀረ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሳልስቡርግ አጠገብ አይገን በተባለው ስፍራ ሰፊ ቤት ገዝቶ ልጆቹን ይዞ ገባ።

ፊሽካው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ፊሽካ ነበረው፤ ይህ እውነት ነው። ግቢው ሰፊ ስለ ነበረ ድምፅ አይደርስም፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ልዩ የፊሽካ ምልክት ነበረው። ልጆቹም የመርከበኛ ልብስ የለበሱበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ልጆቹ ካደጉ በኋላ እንደ መሰከሩት አባታቸው አያሰልፋቸውም ነበር። እንዲያውም ገር፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ አብሮአቸው ጊታርና ማንዶሊን የሚጫወት፣ የሕዝብ ዜማ የሚያስተምራቸው አባት ነበረ። በቊጣ የሚታወቁት ሁለተኛዪቱ ሚስቱ ናቸው፤ ይህንንም እርሳቸው ራሳቸው አልካዱትም። ፊልሙ የሁለቱን ጠባይ አለዋወጠው ማለት ይቻላል።

በ1926 ሁለተኛዪቱ ሴት ልጅ ማርያ ታማ ትምህርት ቤት መሄድ ስላልቻለች አስተማሪ ይፈለግ ጀመር። ከኖንበርግ ገዳም በአመክሮ ላይ የነበሩት ወጣቷ ማርያ ኩቼራ ተላኩ። የተላኩት ለአንዲት ልጅ ነው፤ ለሰባቱም አይደለም። ኅዳር 26 ቀን 1927 ተጋቡ፤ እርሱ 47 ዓመት፣ እርሳቸው 22 ዓመት ሆኗቸው። በኋላ በጻፉት መጽሐፍ በሠርጋቸው ቀን ልጆቹን እንጂ ባላቸውን እንዳልወደዱ፣ ፍቅሩ ቀስ ብሎ እንደ መጣ በግልጽ ተናግረዋል። ሮዝማሪና ኤሌኦኖሬ በኦስትሪያ ምድር፣ ዮሐንስ ደግሞ በ1939 በአሜሪካ ተወለዱ፤ ልጆቹም ዐሥር ሞሉ።

ሀብቱን ያጣበት ምክንያት ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ በችኰላ ይታለፋል፤ እኛ ግን የሰውየውን ጠባይ ከማንኛውም የበለጠ የሚያሳይ ይመስለናል። ከመጀመሪያ ሚስቱ ወገን የመጣው ገንዘብ በእንግሊዝ አገር ባንክ ተቀምጦ ነበር። በ1933 ሂትለር አውስትሪያን ለማስጨነቅ ሲል ወደ አውስትሪያ የሚሄድ ጀርመናዊ ሁሉ 1,000 ማርክ እንዲከፍል ዐወጀ። አውስትሪያ ከጀርመን ጎብኚዎች ብዙ ገቢ ታገኝ ስለ ነበረ ሆቴሎች ባዶ ሆኑ፤ በእነርሱ የሚተዳደሩ ባንኮችም ተናጉ። በሴል አም ሴ የነበረ የአንዲት የወዳጅ ባንክ ሲወድቅ ሲያይ ፎን ትራፕ ገንዘቡን ከለንደን አውጥቶ እዚያ አስገባ። በ1935 ባንኩ ወደቀ፤ ገንዘቡም አብሮ ሄደ። ብልኅ ነጋዴ እንዲህ አያደርግም። አገልጋዮቹ ተሰናበቱ፤ የቤቱም ክፍሎች ለእንግዶች ተከራዩ። እርሱ ከዚያ በኋላ እጅግ እንዳዘነ፣ ሚስቱ ግን መከራውን ደስ ብሏቸው እንደ ተቀበሉት ይነገራል። በዚያው ዓመት የባሕር ዘመኑን ትዝታ የያዘው መጽሐፉ ታተመ።

መዝሙሩ መተዳደሪያ የሆነው ከዚህ በኋላ ነው። አባ ፍራንስ ቫስነር የተባሉ ካህን በቤቱ ጸሎት ቤት ሊቀድሱ መጥተው የልጆቹን ድምፅ ሰሙና ማሠልጠን ጀመሩ። በ1936 ዝነኛዋ ዘፋኝ ሎተ ሌማን ሰምታቸው በሕዝብ ፊት እንዲዘምሩ አጥብቃ መከረች፤ በሳልስቡርግ በተደረገው ውድድርም አሸነፉ። ቻንስለር ሹሽኒግ በራዲዮ ሰምተዋቸው ወደ ቪየና ጠሯቸው። አባትየው ግን ይህን ነገር አልወደደውም ነበር። የመኰንን ልጆች ለገንዘብ በመድረክ መቆም ለእርሱ ወገን እንደ ውርደት ይቈጠር ነበር። ይህን ኩራት ስለ ልጆቹ እንጀራ ሲል ዋጠው።

መጋቢት 1938 ሂትለር ወደ አውስትሪያ ገባ። ከዚያ በኋላ በትራፕ ቤት የመጡት ጥያቄዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ተከታተሉ። በመጀመሪያ ሰንደቅ ዓላማውን በቤቱ ላይ እንዲሰቅል ተጠየቀ። ሚስቱ እንደ ተረኩት፣ ቤቱን ማስጌጥ ካስፈለገ የፋርስ ምንጣፎቹን በየመስኮቱ ሊዘረጋ እንደሚችል መለሰ። ቀጥሎም ሐኪም የሆነው ሩፐርት በቪየና ሆስፒታል ሥራ ተሰጠው፤ አይሁድ ሐኪሞች ስለ ተባረሩ ቦታው ባዶ ነበር። ሦስተኛው ግብዣ ቤተ ሰቡ ለሂትለር የልደት በዓል እንዲዘምር ነው።

ለራሱ የመጣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። የጀርመን ባሕር ኀይል አዲስ ሰርጓጅ እንዲያዝ ጠራው። ይህን በጥሞና እንመልከተው። ሰውየው ለሃያ ዓመት ከባሕር ተለይቶ የኖረ ነው። ገንዘብ የለውም። ክፍሉን እያከራየ፣ በልጆቹ ዘፈን ይኖራል። አሁን ከቤንዚኗ በርሜል ጋር የማይነጻጸር አዲስ መርከብ፣ ማዕርግና ደመወዝ ቀረበለት። ሚስቱ እንደ ጻፉትም ልቡ ለአፍታ ወደ አዲሱ መርከብ ሳይሳብ አልቀረም። ፊልሙ ያለ ምንም ማመንታት እንዳደረገው ቢያሳየንም እኛ ያመነታው ሰው ይበልጥብናል። የሆነው ሆኖ እምቢ አለ። ልጆቹን ሰብስቦ ነገሩን ነገራቸው፤ ሁሉም በአንድ ቃል ተስማሙ። ሦስት ጊዜ እምቢ ያለ ቤተ ሰብ በዚያ አገር ሊቀመጥ እንደማይችል ግን ሁሉም ዐወቁ።

ተራራ እየወጡ በሌሊት አልሸሹም። ከሳልስቡርግ በላይ ያለውን ተራራ የሚሻገር ሰው የሚወርደው ጀርመን፣ እንዲያውም ሂትለር ራሱ ወደሚኖርበት ተራራማ ስፍራ አቅራቢያ ነው። የትራፕ ቤተ ሰብ እንደ ሽርሽር ሰው ከረጢት ተሸክሞ በቀትር በባቡር ወደ ኢጣልያ ሄደ። ከዛራ በመወለዱ ያገኘው የኢጣልያ ዜግነት፣ ለዓመታት እንደ ቀልድ የሚመስል ነገር፣ በዚያን ቀን በር ከፈተለት። ከዚያም ወደ እንግሊዝ ተሻገሩና ከሳውዝሃምተን ተነሥተው ጥቅምት 1938 ኒው ዮርክ ደረሱ። የተዉት ቤት በኋላ የናዚው አለቃ የሂምለር መቀመጫ ሆነ።

የአሜሪካውን ዘመን ባጭሩ እናልፋለን፤ የሌሎቹ ታሪክ እንጂ የእርሱ አይደለምና። ቪዛቸው ሲያልቅ በ1939 ወደ ስካንዲናቪያ ተመለሱ፣ በዚያው ዓመት መጸው ደግሞ እንደ ገና መጡ፤ በኤሊስ ደሴትም ለጥቂት ቀን ታገዱ። ልጆቹ በአውቶቡስ ከከተማ ወደ ከተማ ሲዘምሩ እርሱ አብሮአቸው ይጓዝ ነበር፤ መዘምር ግን አልነበረም። በ1942 ቬርሞንት ውስጥ በስቶው አንድ እርሻ ገዙና በእጃቸው ቤት ሠሩ። ስፍራውን የመረጡት አውስትሪያን ስለሚመስል ነው፤ ለእርሱ ግን አሁንም ባሕር የለውም። በ1943 ሩፐርትና ቬርነር በአሜሪካ ጦር ውስጥ ገብተው በተራራ ጦር ክፍል በኢጣልያ ምድር ተዋጉ። አባታቸው ለጀርመን መዝመትን እምቢ ብሎ ከቤቱ ወጥቷል፤ ልጆቹ ከጀርመን ጋር ሊዋጉ ተመለሱ። ሁለቱም በሕይወት መጡ።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በአውስትሪያ ረኃብ ስለ ነበረ ቤተ ሰቡ በ1947 ምግብና ልብስ ሰብስቦ የሚልክ የርዳታ ማኅበር አቋቋመ፤ በየመድረኩም ከዘፈኑ በኋላ ልመና ያቀርቡ ነበር። ጌኦርግ ፎን ትራፕ የዚህን ማኅበር ፍሬ ለማየት ብዙ አልቈየም። በሳንባ ካንሰር ታሞ ግንቦት 30 ቀን 1947 በስቶው ሞተ፤ ዕድሜው 67 ነበረ። በእርሻው ላይ በኮረብታ ጥግ ተቀበረ፤ ሚስቱም በ1987 ከአጠገቡ ተቀበሩ።

ሚስቱ የቤተ ሰቡን ታሪክ በ1949 አሳተሙ። የፊልሙን መብት ለጀርመን ፊልም ሠሪዎች በ9 ሺህ ዶላር ገደማ ሸጡት፤ ከዚያም በ1959 በብሮድዌይ፣ በ1965 በሲኒማ ወጣ፤ ዓለምም ያወቀው ይህንን ነው። ካፒቴኑ ስለ ራሱ የጻፈው መጽሐፍ፣ የቊጥር 5ንና የሌዮን ጋምቤታን ሌሊት የያዘው፣ ለረጅም ዘመን በጀርመንኛ ብቻ ቀርቶ ነበር። ወደ እንግሊዝኛ የተረጐመችው የልጅ ልጁ ናት፤ የታተመውም በ2007፣ ከሞተ ከ60 ዓመት በኋላ ነው።